የእትዬ ጓሮ አፈር

በጠላት ጊዜ ምን ትሠራ ነበር ብለው ሲጠይቁኝ ቶሎ መልስ አይመጣልኝም። አፈር እለቅም ነበር ብል ያሾፍኩ ይመስላል። ብርጭቆ አጥብ ነበር ብል ደግሞ እውነት ቢሆንም ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል። ከወረራው በፊት ፖስታ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጣልያን ከተማውን ሲይዝ ከሥራ ወጣሁ፤ ብዙ ጊዜም ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። ፈረንሳይኛ ተምሬ ስለነበር ጣልያንኛው አልከበደኝም፤ ከሰው አፍ እየለቀምኩ ተናገርኩት። ይህን የሰማ አንድ የሰፈራችን ሹም አንድ የጣልያን ጦር ሐኪም አስተርጓሚ ይፈልጋል ብሎ ወሰደኝ።

የሐኪሙ መሥሪያ ቤት ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ዛሬ ሜክሲኮ ወደሚባለው በኩል ሲወርዱ የሚገኝ የድንጋይ ቤት ነበር። የአንድ ባለሥልጣን ቤት ነበር ይባላል፤ ሰውየው ተሰደው ይሁን ተገድለው አላውቅም። ሳሎኑ ውስጥ ማጉያ መነጽር፣ ጠርሙስና ክብ የመስታወት ሳህን ተደርድሯል። ሥራው የወታደሮቹን ደምና የሚጠጡትን ውኃ መመርመር ነበር። እኔ አስተረጉማለሁ፤ የሚተረጎም ሲጠፋ ዕቃ አጥባለሁ።

ስለዚህ ሰው ስጽፍ «አሉ» ማለት ይቸግረኛል። በጣልያንኛ በአክብሮት ነበር የማናግረው። በልቤ ግን አንተ ስለው ኖሬአለሁና አሁን ልለውጠው አልቻልኩም። ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ጣቶቹ አዮዲን የበላቸው ሰው ነበር። አይሳደብም። ደግ ነበር ማለት ግን አልችልም።

የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እናታችን ልጅ ሳለሁ ስለሞቱ ያሳደጉኝ እትዬ ናቸው። ባላቸውን በየካቲቱ ጭፍጨፋ ከቤት ጎትተው ወሰዷቸው፤ አስከሬናቸው እንኳን አልተገኘም። እትዬ ከዚያ ወዲህ ጥቁር ልብሳቸውን አላወለቁም። ጣልያን ቤት ልገባ ነው ስላቸው አትግባ አላሉኝም፤ ግን ማታ ስመለስ ስለ ሥራዬ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። የጎረቤቱን፣ የላሟን፣ የጎመኑን እናወራለን። እኔ የዋልኩበት ቦታ የሌለ ያህል ነበር።

ጣልያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲገጥም የባሕሩ መንገድ ተዘጋ። ከአገሩ ደብዳቤም መድኃኒትም መምጣቱ ቀረ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ለመግልና ለደም መመረዝ የሚሰጥ ቀይ ክኒን ነበረው፤ በእሱ ብዙ ወታደር ሲድን አይቻለሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ክኒኑ አለቀ። ከዚያ በኋላ ጫማ የላጠውም፣ እሾህ የወጋውም ወታደር እግሩ እያበጠ፣ ትኩሳቱ እየነደደ ይሞት ጀመር። ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲመለስ ኮፍያውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚቆይበት ቀን በዛ። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ጠላቴ ነው የሚሞተው። ግን አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሲያቃስት እየሰሙ መደሰት እንደማይመች ያወቅሁት ያኔ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አጠገቡ አስቀመጠኝና የአፈር ነገር ነገረኝ። ሰው በመግል ይሞታል፤ ይቀበራል፤ መግሉን ያመጡት ባክቴሪያዎች አብረው ይቀበራሉ። ታዲያ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ስንት ሰውና ስንት ከብት ሲቀበር፣ አፈሩ ለምን በእነሱ ተሞልቶ አልቀረም? አፈር ውስጥ የሚበላቸው ሌላ ባክቴሪያ ስላለ ነው አለ። ፖስታው ሳይቋረጥ በመጨረሻ በደረሰው መጽሔት ላይ ባሕር ማዶ እንዲህ ያለ ነገር የሚፈልጉ ሰዎች እንዳሉ አንብቧል። መድኃኒቱ ከአገሩ ካልመጣ ከዚህ ከልደታ መሬት እንፈልገዋለን አለኝ።

እንዲህ ሆኖ አፈር መልቀም ጀመርን። በመጀመሪያ የፈለገው የመቃብር አፈር ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄጄ አስተዳዳሪውን ለመንኳቸው። ጣልያን ከመቃብራችን ምን ይፈልጋል፣ የተቀበረ መሣሪያ ነው ወይስ የተቀበረ ሰው ብለው ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። ለበሽታ መድኃኒት ነው ብዬ ማልኩላቸው። ከቆይታ በኋላ ከአጥሩ ጥግ፣ ማንም ካልተቀበረበት በኩል እንድወስድ ፈቀዱልኝ። ሐኪሙ የመቃብር አፈር ያመጣሁለት መስሎት ነበር። እውነቱን ነገርኩት፤ እሱንም ተቀበለኝ።

ከጌጃ ሰፈር የበቅሎ በረት፣ ከወንዙ ዳር፣ ከቆሻሻ መጣያው ሁሉ አመጣሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከባሕር አረም የተሠራ እንደ ሙቅ የሚረጋ ነገር ሳህኑ ላይ ይፈሳል፤ እሱ ለባክቴሪያ እንደ ማሳ ነው። ከታመመ ወታደር ቁስል የተወሰደ መግል ይቀባበታል። ከዚያ በውኃ የተበጠበጠ አፈር ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ሲያድር የመግሉ ባክቴሪያ እንደ ሻጋታ ሳህኑን ይሸፍነዋል። ከአፈሩ ጠብታ ዙሪያ ግን ባዶ ቀለበት ከታየ፣ እዚያ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ገድሎታል ማለት ነው። እኛ የምንፈልገው ያንን ቀለበት ነበር። ያየነው ግን ሻጋታ ብቻ ነው። ማሳውም እያለቀብን ስለመጣ የዋለውን ቀቅለን መልሰን እናረጋው ነበር።

በኅዳር ወር ላይ ለእትዬ ራሴ ነገርኳቸው። የሐኪሙ ሥራ በቤታችን ሲነሣ የመጀመሪያው ነው። ላሟን እያለቡ ሰሙኝ፤ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«አገሩን በሙሉ ወስዶ ሲያበቃ አፈሩን በማንኪያ የሚለምነው ምን ቢቸግረው ነው?» አሉኝ።

ሳቅሁ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ። የላሟን እበት የሚደፉበት የጎመን መደብ ከቤታችን ኋላ ነበር። በጣታቸው አሳዩኝና ከዚያ ውሰድለት፣ እኔ የሚበሰብሰውን ሁሉ እዚያ ነው የምጥለው፤ ምንም አይተርፍም አሉ። በጣሳ ዘግኜ ወሰድኩ።

ቀለበቱ የታየው በዚያ አፈር ነው። ጠዋት ሳህኑን ሳነሣ ጥፍር የሚያክል ንጹሕ ክብ መሐሉ ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙን ጠራሁት። ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው፤ አስቀመጠው፤ መልሶ አነሣው። ከዚያ ትከሻዬን ያዘኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ነክቶኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ የድካም ነበር። ባክቴሪያውን ለብቻው ለይቶ በሥጋ መረቅ ማሳደግ፣ መረቁን በአሲድ ማርጋት፣ የረጋውን በአልኮል ማጠብ፣ አልኮሉን ማትነን። አልኮል ስላልነበረን ከጌጃ ሰፈር አረቄ እያመጣሁ ደግመን እናወጣው ነበር። ሰፈሩ ጠጪ ሆኗል ብሎ አማኝ። በመጨረሻ ጠርሙሱ ሥር አመድ የመሰለ ጥቂት ዱቄት ቀረልን። ከእሱ ቅንጣት በውኃ በጥብጦ ሳህን ላይ ጠብ ሲያደርገው የመግሉ ባክቴሪያ ሁሉ ሞተ። ሐኪሙ ያን ቀን ዘፈነ። ድምፁ ደስ አይልም፤ ግን ዘፈነ።

ቀጥሎ ጥንቸል አስመጣ። መግል ወግቶ አሳመማት፤ ከዚያ ዱቄቱን በጥብጦ በጆሮዋ ደም ሥር ሰጣት። ምሳ ሳይደርስ ሞተች። በሌላ ጥንቸል ሞከረ፤ ጤነኛ ነበረች፤ እሷም ሞተች። ሽንቷ ደም ሆኖ ነበር። የመግሉን ባክቴሪያ የሚገድለው ነገር ደሙንም ያፈርሰዋል አለኝ። ለሌላ ጥንቸል ቆዳዋን አቁስሎ ላዩ ላይ ሲያፈስበት ግን ቁስሉ ደረቀ፤ ጥንቸሏም ዳነች። ላዩን ያድናል፤ ውስጥ ከገባ ይገድላል። ከዚያ አላለፈም። ማታ ማታ መጽሔቱን እያገላበጠ ይተክዛል፤ እኔ ብርጭቆዬን አጥባለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ላሟ የጓሮውን ቆርቆሮ አጥር ገፍታ ጣለችው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እትዬ ለማንሣት ሲታገሉ የዛገው ቆርቆሮ መዳፋቸውን ተረተረው። ስመለስ በጨርቅ አስረውት እህል ይለቅማሉ። ምንም አይደለም አሉኝ። በማግስቱም ምንም አይደለም አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እጃቸው አበጠ፤ መግል ያዘ፤ አንድ ቀይ መስመር ከመዳፋቸው ተነሥቶ በክንዳቸው ውስጠኛ በኩል ወደ ላይ ሲሄድ አየሁ። ያን መስመር ሆስፒታል ውስጥ አይቼዋለሁ። ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ። ከቀዩ ክኒን አንድ ፍሬ እንኳን ቢሆን ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። መሳቢያውን ከፍቶ ባዶውን ብልቃጥ አውጥቶ እጄ ላይ ገለበጠው። ቀይ ትቢያ እንኳን አልወጣም። እንግዲያውስ ዱቄቱን ውጋልኝ አልኩት። ክንዴን ሳይነካ በአገጩ ተከተለኝ ብሎኝ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። የሞቱትን ጥንቸሎች የምንቀብርበት ጉድጓድ ዳር ቆመን።

«እዚህ የቀበርካቸው አንተ ነህ» አለኝ። «እህትህን ይህን እንድወጋቸው ነው የምትፈልገው?»

አዎ ልለው ዳድቶኝ ነበር። ከዚያ ቁስሉን እንጠብበት፤ ምናልባት ከመነሻው ብናደርቀው ወደ ደም የሚገባው ይቀንስ ይሆናል አለ። ምናልባት የምትለዋን ቃል ሲናገር መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

እትዬን ማሳመን ሌላ ጣጣ ሆነ። ባሌን የወሰደ እጅ አይነካኝም አሉ። እሱ አልወሰዳቸውም ብል ምን ይጠቅማል፤ ልብሱ ያው ልብስ ነው። አለቀስኩባቸው። ካደግሁ ወዲህ ሳለቅስባቸው ያ የመጀመሪያው ነው። የንስሐ አባታቸውም መጥተው ነበርና መድኃኒት ከማን እጅ ቢመጣ መድኃኒት ነው ብለው መከሯቸው። በስተመጨረሻ ተስማሙ፤ ግን እሱ ከመጋረጃው ወዲህ አያልፍም፤ የሚያጥብልኝም አንተ ነህ አሉኝ።

እንደዚያው ሆነ። ሐኪሙ ቤታችን መጣና በሩ አጠገብ ቆመ። እትዬ ከመጋረጃው ኋላ ተኝተው የታመመ ክንዳቸውን ብቻ ወደዚህ ዘረጉ። እሱ እየነገረኝ እኔ ቁስሉን ከፈትኩ፤ መግሉን አወጣሁ፤ ዱቄቱ በተበጠበጠበት፣ ወተት በመሰለ ውኃ አጠብኩ፤ በተቀቀለ ጨርቅ አሰርኩ። ሐኪሙ እስከ መጨረሻው ፊታቸውን አላየም። ሲወጣ አጥራችን ሥር ቆሞ የጎመኑን መደብ አየ።

ጎረቤቶቻችን አይተውታል። ጣልያን ቤታቸው ገባ የሚል ወሬ ተነሣ። አንዳንዶቹ ሊጠይቁን መምጣት አቆሙ። አንዲት የእትዬ ጓደኛ ግን በየቀኑ ጠበል ይዘው ይመጡ ነበር፤ ጠበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም ወይ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። አይጣሉም አልኳቸው። የማውቅ ይመስል።

መድኃኒቱ ሠራ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ሠራ። መግሉ ቆመ፤ ሽታው ጠፋ፤ የቁስሉ ጠርዝ እንደ ሕፃን ድድ ቀላ። የእጃቸው እብጠት ጎደለ። ሐኪሙ በሩ ላይ ሆኖ ሲያየው ዓይኑ በራ። የእኔም በራ። ለእትዬም ነገርኳቸው፤ ይኼ መድኃኒት ከየት እንደመጣ ያውቃሉ፣ ከእርስዎ ጓሮ ነው አልኳቸው።

«ከጎመኔ ሥር?» አሉ።

አዎ ስላቸው በጉሮሯቸው ሳቁ። ላሟን ማን እያለባት እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀጥለው ደግሞ ውኃ ስጠኝ አሉ፤ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር።

ትኩሳቱ አልወረደም። ክንዳቸው እየዳነ እሳቸው ይነዱ ነበር። ቀይ መስመሩም ደብዝዞ ነበር፤ የደበዘዘው ግን መድኃኒቱ ደርሶበት ሳይሆን መርዙን ወደ ደም አድርሶ ስለጨረሰ ነው። ሐኪሙ ያን ቀን ትንፋሻቸውን ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ አዳመጠ፤ የልብ ምታቸውን እንድቆጥርም የእጃቸውን አንጓ አስያዘኝ። እኔ እየቆጠርኩ ስነግረው ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ወደ ውጭ ጠራኝ። ደማቸው ውስጥ ገብቷል፤ ከዚህ በላይ የማደርገው የለኝም አለኝ። ደሙን ሊያጸዳ የሚችለው ነገር ደሙን የሚገድለው ነው። የዱቄቱ ብልቃጥ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ከውጭ በእጄ ይዤዋለሁ። አጠገባቸው ድረስ መድረስ የሚችል መድኃኒት ይዤ ወደ ውስጣቸው የምሰድበት መንገድ አልነበረኝም።

ጠዋት ላይ ነቅተው ነበር። ጨርቁን ፍታልኝ አሉኝ። ፈታሁላቸው። መዳፋቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት፤ ጣቶቻቸውን አጠፍ ዘርጋ አደረጉ። ንጹሕ ነበር።

«ቁስሉማ ድኗል» አሉኝ። «ታዲያ እኔ ለምን አልዳንኩም?»

እንደ ልጅ ነበር የጠየቁኝ። ያሳደጉኝ ሰው፣ ለማንኛውም ጥያቄዬ መልስ የነበራቸው ሰው። ነገ ይሻልዎታል አልኩ። ለመሸሽ ያልኩት ነው፤ እሳቸውም ያወቁ መሰለኝ፤ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ከደኑ። የንስሐ አባታቸውን ጠራሁ። ፀሐይ ሳትበረታ አረፉ።

ለቀብር የመጣው ሰው ካሰብኩት በላይ ነው። መምጣት ያቆሙትም መጡ። የገነዟቸው ሴቶች ስለ እጃቸው ሲያወሩ ሰማሁ፤ ቆረጣቸው የተባለው ይኼ ነው ወይ፣ መግል እንኳን የለበትም ይሉ ነበር።

ሐኪሙ ለልቅሶ አልመጣም። ቢመጣም ማን ያስገባዋል። ሥራ የተመለስኩ ዕለት ከማጉያ መነጽሩ ቀና ሳይል፣ ቁስሉ እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ጠላሁት። እህቴ ሞተው ስለ ቁስሉ ይጠይቀኛል ብዬ ጠላሁት። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ግድግዳው ዞረና ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሌላ የሚጠይቀኝ ነገር እንዳልነበረው ያኔ ገባኝ። መጥላቴን ግን ለማቆም አልቻልኩም። አጠገቡ ቆሜ ብርጭቆ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ያ ባክቴሪያ ራሱ ደከመ። ሐኪሙ ከሳህን ወደ ሳህን ሲያዛውረው ቀለበቱ እየጠበበ መጣ። መረቁን ለወጠ፤ ሙቀቱን ለወጠ። ለምን እንደሆነ አላወቀም። እንደገና ከጓሮአችን አፈር አመጣሁለት፤ እኔው ነኝ ያመጣሁት፤ ማንም አላዘዘኝም። በዚያኛው ምንም አልታየም። እንግሊዞችና አርበኞቹ እየቀረቡ ነው ይባል ነበር፤ መንገድ ላይ የጣልያን መኪና ዕቃ ተሸክሞ ወዲያ ወዲህ ይላል። እሱ ሳህኖቹ ላይ አጎንብሶ ይውላል።

በመጋቢት መጨረሻ ከተማው ሲለቀቅ ሰዎች መንገድ ላይ ወጥተው እልል ይሉ ነበር። እኔም ወጥቼ እልል አልኩ፤ እትዬ ይህን ቀን ሳያዩ መቅረታቸው አንጀቴን ቆረጠው። ሐኪሙን ሌሎች ምርኮኞች ወደተሰበሰቡበት ወሰዱት። ከመሄዱ በፊት በጥጥ የተወተፈ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ሰጠኝ። ባክቴሪያው እዚህ ውስጥ ነው፣ በመረቅ ቀልበው፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው፣ የሚያውቅ ሐኪም ሲመጣ ስጠው አለኝ። ተቀበልኩት። አልጨበጥኩትም፤ እሱም እጁን አልዘረጋም። ወዴት እንደደረሰ አልሰማሁም።

ቱቦውን እቤት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አኖርኩት። እንደነገረኝ በየጊዜው የሥጋ መረቅ አፈላሁለት። ማጉያ መነጽር የለኝ፣ ሳህን የለኝ። ፈሳሹ ሲደፈርስ አለ እላለሁ፤ ሲጠራ ሞተ ብዬ እጨነቃለሁ። ጎረቤቶች ምን እንደምቀልብ ይጠይቁኛል። አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ሆስፒታሉን እንደተረከበ ሰማሁና ቱቦዬን በመሐረብ ጠቅልዬ ሄድኩ። እንግሊዝኛ አልችልም ነበር። ፈረንሳይኛ ትንሽ የሚሰማ ረዳት አቆመልኝ። ስለ አፈሩ፣ ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ጥንቸሎቹ ነገርኩ። ስለ እትዬ አልነገርኩም። እንግሊዛዊው ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው፤ ጥጡን ነቅሎ አሸተተ፤ ፊቱን አኮሳተረ። ረዳቱን አንድ ነገር አለው። ረዳቱ ወደ እኔ ዞሮ፣ ተበክሏል፣ ወረርሽኝ ሊያመጣ ይችላልና እንዲቃጠል ታዟል አለኝ።

ጥቂት ይመልከተው፣ ሳህን ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክረው ብዬ ለመንኩ። ረዳቱ ተረጎመለት ወይም አልተረጎመለትም፤ በእንግሊዝኛ ምን እንዳለው የማውቅበት የለኝም። ሐኪሙ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሄደ። በሽተኞች በረንዳው ላይ ሞልተው ነበር፤ ብዙዎቹ ቁስለኞች ናቸው። ረዳቱ ቱቦዬን ከሌላ ቆሻሻ ጋር ባልዲ ውስጥ ከተተው። በቁስለኞቹ መካከል አልፌ ወደ ልደታ ተመለስኩ፤ ላሟ ሳትታለብ ውላ ትጮኽ ነበር።